የእምቢታ ዕድሜ

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላል ያገራችን ሰው። «እምቢ»ስ ከስንት ይበልጣል? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ ፍልስፍና አይደለም። ባለፈው መንፈቅ ለሕግ ትምህርት ስለ ሕዝበ ውሳኔ ጽሑፍ ሳዘጋጅ ያገኘሁት የጥቂት ትናንሽ ደሴቶች ታሪክ ነው። ጽሑፉን አስረክቤ ነጥቤን ተቀብያለሁ፤ ታሪኩ ግን አልለቀቀኝም። ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ጋር ለሁለት ቀን እስከ መኳረፍ አድርሶናል። ስለዚህ ለመምህሩ ያልጻፍኩትን ለእናንተ ልጻፈው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ በእኛ ልመልሰው ብል ቁጥሩ ይምታታብኛል።)

ደሴቶቹ ሰሜን ማሪያና ይባላሉ። ከጃፓን በስተደቡብ፣ ከፊሊፒንስ በስተምሥራቅ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ እንደ ተበተነ ሽንብራ ተዘርግተዋል። በቁጥር 14 ናቸው፤ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል የሚኖረው ግን በሦስቱ ላይ ነው፤ በሳይፓን፣ በቲኒያንና በሮታ። በ2020 በተደረገው ቆጠራ መላው ሕዝብ 47,329 ነበር። ባንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ከሚማረው ተማሪ እምብዛም አይበልጥም ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 43,385ቱ ሳይፓን፣ 2,044ቱ ቲኒያን፣ 1,893ቱ ሮታ ላይ ይኖራሉ።

እነዚህ ሰዎች በታሪካቸው ብዙ ጌታ ቀይረዋል። ስፔን ገዛቻቸው፤ በ1899 ለጀርመን ሸጠቻቸው፤ በ1914 ጃፓን ወሰደቻቸው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት አደራ አሜሪካ ተረከበቻቸው። ሻጭና ገዢ ሲዋዋሉ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ያላቸው የለም። በ1975 ግን ተጠየቁ። ከመቶ 79 ያህሉ «ከአሜሪካ ጋር እንሁን» አሉ። ዛሬ ዜግነታቸው አሜሪካዊ ነው፤ ነገር ግን እዚያው ደሴታቸው ላይ እስካሉ ድረስ ፕሬዚዳንት አይመርጡም። እኔ እንደሚመስለኝ ድምፅ የሚባለው ነገር ለእንዲህ ዓይነት ሕዝብ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል፤ ስንት ዘመን ሳይጠየቅ የኖረ ሰው ሲጠየቅ ይሰማዋላ!

ሕገ መንግሥታቸው ስለ ቁማር አንድ አንቀጽ አለው። ቁማር ክልክል ነው ይላል። እዚያ ላይ ቢያቆም እኔም ይህን ባልጻፍኩ። ይቀጥልና፣ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር፣ ወይም ሕዝቡ ራሱ ሐሳብ አቅርቦ በድምፁ ካላጸደቀ በቀር ይላል። ሕዝቡ ሲባልም መላው ደሴቶች ወይም ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንባቢ ሆይ፣ «ወይም» የምትለዋን ቃል ልብ በልልኝ። አንድ በር ለሕዝቡ፣ አንድ በር ለሕግ አውጪዎች። ሁለት በር ያለው ቤት ማለት አንዱን ሲቆልፉበት በሌላው የሚገባበት ቤት ነው።

ሳይፓን በ1979 ተጠይቃ እምቢ አለች። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ ቲኒያን ተጠይቃ እሺ አለች።

ቲኒያንን ማናችንም ባናውቃት እንኳ ሥራዋን እናውቃለን፤ ነሐሴ 6 ቀን 1945 ሂሮሺማን ያቃጠለው አውሮፕላን የተነሣው ከዚህች ደሴት ነው። ከመሬቷ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የአሜሪካ ጦር ተከራይቶታል። ሥራ የለም፤ ወጣቱ ይሄዳል። ነዋሪው ካዚኖ ይምጣልን ቢል ምን ይፈረድበታል? ሕጉ እስከ 5 ካዚኖ ድረስ ፈቀደ። 5 የሚሆን ባለገንዘብ ግን ከየት ይምጣ? በ1998 ከ400 በላይ ክፍል ያለው ቲኒያን ዳይናስቲ የተባለ ሆቴልና ካዚኖ ተከፈተ። በ2020ው ቆጠራ ብናሰላው ለያንዳንዱ አምስት ነዋሪ አንድ የሆቴል ክፍል እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ያለ ትልቅ ቤት አልተከተለም። በ2015 የአሜሪካ የገንዘብ ወንጀል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ካዚኖውን 75 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ ምክንያቱም በጥሬ ገንዘብ የሚደረገውን ትልልቅ እንቅስቃሴ በሺህ በሚቆጠር ጊዜ ሳያሳውቅ ቀርቷል፤ የገንዘቡ ምንጭ እንዳይታወቅ የሚሹ ደንበኞችንም አስተናግዷል። በዚያው ዓመት ተዘጋ።

እኔን የያዘኝ ግን የካዚኖው መዘጋት አይደለም። በ1989 እሺ ያለው የቲኒያን ሰው ከዚያ በኋላ በየዓመቱ «አሁንም እሺ ነህ ወይ?» ተብሎ አልተጠየቀም። ሳይፓን ግን እምቢ ስላለች እንደገና ትጠየቃለች። እንዲህ ያለ ነገር የት አየሁ ብዬ ሳስብ ትዝ ያለኝ ሽማግሌ መላክ ነው።

የአክስቴን ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ወጉ እንደሚታወቀው ነው፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢባሉ «ነገራችንን ሳንጨርስ አንቀመጥም» አሉ። አያቴ አይሆንም ብለው መለሱዋቸው። በወሩ ተመልሰው መጡ፤ አያቴ አሁንም አይሆንም አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ዝናብ ነበር፤ አያቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ ቁጭ በሉ» አሉ። አለቀ። ከዚያች ሰዓት ወዲያ «አባባ፣ አሁንም እሺ ነዎት?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አላየሁም። እምቢታቸው ዕድሜው አንድ ወር ነበር፤ እሺታቸው ግን የዕድሜ ልክ ሆነ። በጋብቻ ይህ ሊያስቅ ይችላል፤ የአክስቴ ልጅ እንኳን ደልቷት ነው የምትኖር። በሕዝብ ላይ ሲሆን ግን አያስቅም። ጠያቂው የማይደክመው፣ ተጠያቂው ግን ሁልጊዜ ከሥራው ተነሥቶ፣ ተሰልፎ፣ እምቢታውን ማደስ ያለበት ከሆነ ሚዛኑ ከመጀመሪያውም ያዘመመ ነው።

ሳይፓን በ2007 እንደገና ተጠየቀች። የዚህን ዘመን ሁኔታ ማወቅ ያሻል። የደሴቲቱ ዋና እንጀራ የነበሩት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች አንዳንድ እያሉ ይዘጉ ነበር፤ የመጨረሻው በ2009 ተዘግቷል። ማለትም ሰዉ ኪሱ እየሳሳ፣ ነገው እየጨለመበት ነው የተጠየቀው። እንዲያም ሆኖ እምቢ አለ። (ሮታ በዚያው ዓመት እሺ ብላለች፤ ተከፈተባት የሚባል ትልቅ ነገር ግን የለም፤ ስለዚህ እንለፋት።) አብዛኛው ሕዝብ ካቶሊክ ስለሆነ ነው የሚል አለ። ይሆናል። እኔ ግን ሌላም ነገር አያለሁ። ሳይፓን ውስጥ የፖከር መኪና የተደረደረባቸው ቤቶች ከድሮም ነበሩ፤ ሳንቲም የሚውጡ፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራታቸው የማይጠፋ። የሳይፓን ሰው ቁማርን ያወቀው በስብከት ብቻ አይደለም፤ በጎረቤቱ ነው ያየው። ሰው ያላወቀውን ፈርቶ እምቢ ሲል አንድ ነገር ነው፤ አውቆት እምቢ ሲል ደግሞ ሌላ ነው።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው። የመንግሥት ሠራተኛው የጡረታ ቋት ለብዙ ዓመት መንግሥት ያለበትን ሳይከፍል፣ ከገባው የወጣው እየበለጠ ሲጎድል ኖሮ በ2012 ኪሳራዬን አውጁልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ2013 በፍርድ ቤት ስምምነት ተደረገ፤ በስምምነቱም የጡረተኛው አበል 25 በመቶ ይቆረጥበታል። ልብ አድርጉ፤ እነዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ፣ መርፌ የወጉ፣ ደብዳቤ ያደሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። በ2014 የሕግ አውጪው ምክር ቤት በሳይፓን ካዚኖ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ አገረ ገዢው ኢሎይ ኢኖስ ፈረሙበት። አንድ ባለ ፈቃድ ብቻ ይኖራል፤ በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ዶላር የፈቃድ ይከፍላል፤ 2,000 የሆቴል ክፍል ይሠራል፤ ከገንዘቡም የጡረተኛው ሩብ ይመለስለታል። ሕዝቡ አልተጠየቀም። ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ የቆለፈው በር እንደተቆለፈ ቀረ፤ የተገባው በዚያች በ«ወይም» በኩል ነው። ሕጋዊ ነው ወይ ብትሉኝ ሕጋዊ ነው። የምክር ቤቱ አባላትም ቢሆኑ በሕዝብ የተመረጡ ናቸው።

ከጓደኛዬ ጋር የተኳረፍነው እዚህ ላይ ነው። እሱ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነው፤ እናቱ ክፍለ ሀገር 30 ዓመት ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። እኔ ስለ ሕዝብ ሉዓላዊነት ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር እሱ ካልሲውን እያጠበ ያዳምጥ ነበር።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ጨረስኩ።»

«አንተ ጡረታ ምን እንደሆነ አታውቅም። ወር ሲሞላ እናቴ ባንክ በር ላይ ተሰልፋ አይተሃታል? ከዚያች ገንዘብ ላይ ሩቡን ብትቆርጥባት፣ ወንድሜ፣ ካዚኖውን ራሷ ሪባን ቆርጣ ትከፍተዋለች። መስቀሏን አንገቷ ላይ እንዳደረገች!»

«ታዲያ ይጠይቋት ነዋ! ጠይቀዋት እሺ ትበል።»

«የሚቆረጥባት እሷ፤ ድምፅ የሚሰጠው መላው አገር። ጡረታ ያልነካው ጎረምሳ ወጥቶ እምቢ ቢልባትስ? ብዙኃኑ በእሷ እራት ላይ ድምፅ ይሰጣል ማለት ነው?»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የተሟላ መልስ አለኝ አልልም። ክርክሩ ትክክል ነው፤ የምርጫ ኮሮጆ የሁሉንም ድምፅ እኩል ይቆጥራል እንጂ የሁሉን ጉዳት እኩል አይቆጥርም። ነገር ግን የተቆረጠው ሩብና ካዚኖው የተሳሰሩት በተፈጥሮ አይደለም። ቋቱን ያራቆተው ቁማር አለመኖሩ ሳይሆን መንግሥት ለዓመታት ያልከፈለው ዕዳ ነው። ባለዕዳው ራሱ ወደ ባለመብቷ አሮጊት ዞሮ «ወይ ቁማሩን ተቀበይ፣ ወይ ጦምሽን እደሪ» ሲላት፣ እሷ የምትመልሰው ምን ዓይነት እሺ ነው? ይህን ብለው ጀርባውን ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ፈቃዱን ያገኘው ኢምፔሪያል ፓሲፊክ የተባለ ኩባንያ ነው። ዋናው ሕንፃ እስኪሠራ ድረስ በ2015 ጋራፓን በሚባለው የሳይፓን የገበያ ሰፈር አንድ የሱቅ ሕንፃ ውስጥ ጊዜያዊ ካዚኖ ከፈተ። ደንበኞቹ በብዛት ከቻይና በአውሮፕላን የሚመጡ ትልልቅ ቁማርተኞች ነበሩ። በ2016 እነዚህ ባለጠጎች ያንከባለሉት ውርርድ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተቆጠረ። (ይህ ማለት ያን ያህል ገንዘብ ደሴቷ ላይ ገባ ማለት አይደለም፤ ያው ጠጠር ተሸንፎ፣ ተረትቶ፣ እንደገና ሲወራረድ ሁሉ ይደመራል። ቢሆንም 43,000 ሰው ለሚኖርባት ደሴት ቁጥሩ ራስ ያዞራል።) በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፈቃዱ ገንዘብ ገብቷል፤ ጡረተኞቹም ሩባቸውን አግኝተዋል። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱን አልደብቅም።

ሕንፃውን ማን ይሠራው እንደነበር የታወቀው በመጋቢት 2017 አንድ ቻይናዊ ሠራተኛ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ሲሞት ነው። ፖሊስ ሲገባ በቱሪስት ስም መጥተው ያለ ሥራ ፈቃድ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ተገኙ፤ አገራቸው ላይ ለደላላ ተበድረው የከፈሉ፣ ደመወዛቸውን በወጉ ያላገኙ። በ2018 አራት የቻይና የግንባታ ኩባንያዎች ከ2,400 ለሚበልጡ ሠራተኞች 13.9 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ከአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋር ተስማሙ። 2,400 ሰው! ከመላው የቲኒያን ሕዝብ ይበልጣል። ወገኖቻችን በየባሕረ ሰላጤው አገር በደላላ ተልከው ደመወዝ ሲከለከሉ የሰማን ሁሉ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

እነዚህ ሠራተኞች በ1979ም ሆነ በ2007 ማን ይጠይቃቸው ነበር? አገራቸው አይደለም። ጓደኛዬ ስለ እናቱ ያነሣውን ክርክር ወደ ኋላ ብናዞረው ደግሞ እዚህ ይደርሳል፤ አጥንቱ የተሰበረበት ሰው በየትኛውም ኮሮጆ ውስጥ ወረቀት የለውም።

በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ካዚኖው ተዘጋ። ዓመታዊው የፈቃድ ገንዘብ አልተከፈለም፤ በ2021 ፈቃዱ ታገደ። በሚያዝያ 2024 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ። የጡረተኞቹ ሩብ እንደገና የበጀት ጭቅጭቅ ሆነ። ባሕሩ ዳር የቆመው ሕንፃ ጉልላት አለው፣ ዐምድ አለው፣ አዳራሹ ውስጥ የሚያብረቀርቁ ዘንዶዎች ተሰቅለውበታል፤ ግን አላለቀም ነበር።

ይህን ሁሉ ጨርሼ «አየህ!» ስለው ጓደኛዬ ዝም የሚል ሰው አይደለምና «ባንድ ምሳሌ አገር አይዳኝም፤ ሌላ ደሴት አምጣ» አለኝ። አመጣሁለት፤ ለእሱም ለእኔም የሚመች ሆኖ አልተገኘም። ታይዋን በ2009 ከዋናው መሬት ራቅ ያሉ ደሴቶቿ ሕዝበ ውሳኔ አድርገው ካዚኖ እንዲከፍቱ የሚያስችል ሕግ አወጣች። ፔንግሁ የተባሉት ደሴቶች በዚያው ዓመት ተጠየቁ፤ ከመቶ 56ቱ እምቢ አሉ። በ2016 እንደገና ተጠየቁ። እኔ በያዝኩት የሽማግሌ ሒሳብ ከሆነ መድከም ነበረባቸው። ከመቶ 81ዱ እምቢ አሉ! በመሀሉ ባሕሩንና ነፋሱን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ያለ ካዚኖ በዝቶ ነበር፤ «ካለ ቁማር ትራባላችሁ» ያላቸውን ሰው አሁን በዐይናቸው ፈተኑት። እምቢታም እንደ ጠጅ ሲቆይ ሊጠነክር ይችላል ማለት ነው።

ማጹ የተባሉት ደሴቶች ደግሞ በ2012 እሺ አሉ፤ ከመቶ 57 ያህል ሆነው። ማጹ ለቻይና የባሕር ዳርቻ የቀረበች የድሮ የጦር ግንባር ናት። ጉም ሲወርድባት አውሮፕላን አያርፍም፤ የታመመ ሰው እንኳ ጉሙ እስኪገፈፍ ይጠብቃል። አንድ አሜሪካዊ ባለሀብት አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ እሠራለሁ፣ ደሴት ከደሴት የሚያገናኝ ድልድይ እዘረጋለሁ፣ ለነዋሪውም በየወሩ ገንዘብ አካፍላለሁ አለ። ሰዉ ድምፁን የሰጠው ለካርታና ለዳይስ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም፤ ለአውሮፕላን ማረፊያው ነው። ካዚኖውን የሚያስተዳድረው ዝርዝር ሕግ ታይፔ ላይ ሳይጸድቅ ቀረ፤ ካዚኖም አልተሠራም፤ የተባለው ማረፊያም አልመጣም። እንግዲህ የማጹ እሺታ በወረቀት ላይ የቀረ እሺታ ነው። የእኔ ሕግ፣ እሺ ዘላለማዊ ነው እምቢ ግን ጊዜያዊ ነው የሚለው፣ እዚህ ላይ ተሰነጠቀ። ቢሆንም በሁለቱም ቦታ ጥያቄውን የጻፈው ሰው ምን አብሮ እንደጠየቀ ማየት ይቻላል። «ቁማር ትፈልጋላችሁ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ጡረታችሁን ትፈልጋላችሁ? አውሮፕላን ማረፊያ ትፈልጋላችሁ? ነው የተባለው። ለዚህ እምቢ የሚል አንጀት ያለው ማነው?

«እነሱስ ቢሆን አንድ ሁለቴ ተጠይቀዋል» አለኝ ጓደኛዬ፤ «የእኛ ሰፈር የስፖርት ውርርድ ቤት ከዳቦ ቤቱ ጎን ሲከፈት ማን ጠየቀን?» ለዚህ ሁለታችንም ሳቅን፤ ኩርፊያውም በዚያው ቀረ። ትንንሽ ልጆች የእንግሊዝ ቡድኖችን ስም ከአያቶቻቸው ስም አስቀድመው ሲያነበንቡ ለሰማ ሰው ነገሩ ብዙ የሚያስቅ ባይሆንም።

አንድ ነገር ብቻ እስካሁን ይከነክነኛል። ጓደኛዬ እንዳለው፣ የሳይፓን ሕዝብ በ2014 ሦስተኛ ጊዜ ተጠይቆ ቢሆን እሺ ብሎ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ተዘግቷል፤ የሽማግሌው አበል ተቆርጧል፤ ልጁ ሥራ ፍለጋ ወደ ጉዋምና ወደ አሜሪካ ይሄዳል። እናቱ ስትቸገር ያየ ሰው በ2007 የሰጠውን ድምፅ ለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ቢለውጥም አልፈርድበትም ነበር። ምናልባትም ጡረተኞቹ ራሳቸው በዱላቸው ተደግፈው ወጥተው፣ የለም፣ በዚህ ገንዘብ አንበላም ይሉ ይሆናል፤ ከፔንግሁ እንዳየነው ሰው አይታወቅም። የትኛው እንደሚሆን ማንም ሊነግረን አይችልም። አልተጠየቁማ።